የሶፋው ዕዳና ቀኝ እግሬ

ሰኞ። ቦሎው ሊያልቅ 83 ቀን።

ዛሬ ባንክ ሄጄ የብድር ነጥቤን ሰማሁ። አምስት መቶ ስልሳ አንድ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። ሐኪም እንኳ እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

«ለመኪና ብድር ስድስት መቶ ሃያ ያስፈልጋል» አለኝ፣ ክራባቱን እያጠበቀ።

«ሃምሳ ዘጠኝ ብቻ እኮ ነው የጎደለኝ፤ አይሞሉልኝም?»

አልሳቀም። ክራባቱ አንገቱን ይዞት ይሆናል።

ነገሩን ልጻፈው፣ ሲጻፍ ይቀለኛል። መንዳት አስተማሪ ነኝ። መኪናዬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የማስተማር ፈቃዴ የተሰጠው በእሷ ነው። ባለፈው ምርመራ ላይ መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ እጁን እየጠረገ «እመቤት፣ ይሄ የመጨረሻ ቦሎዋ ነው» አለኝ፣ የሞተ ሰው እንደሚያረዳ። ቦሎው ሲያልቅ ሌላ መኪና ካላቀረብኩ ፈቃዴ ይሰረዛል። ፈቃዴ ከተሰረዘ ታላቅ እህቴ ሱቅ ገብቼ ምስማር ልመዝን ነው። እህቴ ካሁኑ ሽርጥ በልኬ አሰፍታለች አሉ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አስተምሬ መጨረሻዬ ምስማር! ቆሜ እያለሁ አይሆንም።

ረቡዕ። 81 ቀን።

የብድር መረጃ ቢሮ ሄጄ ታሪኬን አወጣሁ። አራት ገጽ ነው። ጥፋት በሠንጠረዥ ተደርድሮ፣ ማኅተም ተደርጎበት ሲመጣ ክብር አለው።

የቁጠባ ማኅበሩን ብድር ስድስት ወር ዘግይቼ ነው የከፈልኩት፤ አምናለሁ። የድሮ የስልክ ዕዳ አለ፤ እሱንም አምናለሁ፣ ያኔ ብዙ አወራ ነበር። የቀረው ሶፋው ነው። ሶፋው ግን የኔ ዕዳ አይደለም፣ የሰውዬው ነው። ሰውዬው ማለት የቀድሞ ባሌ ነው፤ በዚህ ደብተር ስሙ አይጠራም። የዛሬ አራት ዓመት ስንለያይ «ዕዳው የባለቤቴ እንጂ የኔ አይደለም» ብዬ ለቢሮው አቤቱታ አስገብቻለሁ። እስካሁን «ክርክር ላይ» ይላል። ይከራከር።

ይሄን የምጽፈው እዚያው ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ሻጩ ግራጫውን ሊያሸክመኝ ስንት ለፍቶ ነበር፤ አሻፈረኝ አልኩት።

አርብ። 79 ቀን።

ባለክራባቱ «ትንሽ ዕቃ በዱቤ ገዝተው በቀኑ ይክፈሉ፣ ነጥብ ያሳድጋል» ብሎኝ ስለነበር በሦስት ወር የሚከፈል ካውያ ገዛሁ።

እማዬ ካርቶኑን አየችው። «ካውያ አለሽ አይደል እንዴ?»

«አለኝ።»

«ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ይሄኛው ለመተኮስ አይደለም፣ ለመክፈል ነው።»

እማዬ ካውያውን አውጥታ ገልብጣ መረመረችው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው» አለች። «ዕዳ ላሳመመው መድኃኒቱም ዕዳ ነው አሉሽ? ማነው ሐኪሙ?»

«ባንኩ።»

«እሱማ ሌላ ምን ያዛል!»

ማክሰኞ። 68 ቀን።

ብልጥ ነኝ ብዬ ጉድ ሆንኩ። አንዱ ቢከለክል ሌላው ይሰጣል ብዬ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት አበዳሪ ጋ ማመልከቻ አስገባሁ። ለካ እያንዳንዱ አበዳሪ ታሪኬን በከፈተ ቁጥር ነጥብ ይቀነሳል። ዘጠኝ ነጥብ በአንድ ረፋድ! አሁን አምስት መቶ ሃምሳ ሁለት ነኝ። ገበያ ለገበያ ዞሬ ችግሬን አሰምቼ ተመለስኩ ማለት ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ካውያው ራሱ በቂዋ ነው።

ሐሙስ። 66 ቀን።

አዲስ ተማሪ መጣ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱን ሳላይ ክራባቱን አየሁት።

«እንዴ! አምስት መቶ ስልሳ አንድ!» አለኝ።

ሰው በስሙ ወይ በመልኩ ይታወሳል፣ እኔ በነጥቤ ታወስኩ። ያውም በድሮው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አቶ ስድስት መቶ ሃያ ብዬዋለሁ። ከኔ በስምንት በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ሌላ ቦታ አንቱ ልለው እችላለሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ግን አንቱታ የለም። «ፍሬን ይያዙ» ብዬ እስክጨርስ ግድግዳ ውስጥ እንገባለን። ይሄን ስነግረው «ልክ ነሽ፣ አንቺ በለኝ ያልሽኝ ይመስል እኔም አንቺ ልበልሽ» አለኝ። ቀልድ ያውቃል ለካ።

መንዳት ግን አያውቅም። ፍሪሲዮኑን የሚለቀው እግሩን እሳት እንደነካው ሰው ነው። አምስት ጊዜ ሞተር ጠፋበት። በስድስተኛው ተነሥተን በቀጥታ ወደ ቆመ የአትክልት ጋሪ ሄድን።

በኔ በኩልም ፍሬን አለ። ተማሪ ሲስት እኔ እረግጣለሁ። የሙያው ደንብ፣ በረገጥኩ ቁጥር ጮክ ብዬ «ረገጥኩ!» ማለት ነው፤ አለዚያ ተማሪው ራሱ ያቆመ ይመስለዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳልናገር ረግጬ አላውቅም።

ዛሬ ረገጥኩ። ጋሪው ጋ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

«አየሽ? በልኩ አቆምኳት!» አለ አቶ ስድስት መቶ ሃያ።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የብድር ማመልከቻዬ ደግሞ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ጎበዝ!» አልኩት።

ሰኞ። 55 ቀን።

የስልኩን ዕዳ ዘጋሁ። ነጥቤ 580። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አቶ ስድስት መቶ ሃያ ስምንት ጊዜ ተረገጠለት። ስምንቱንም ጊዜ «ጎበዝ»። «የተፈጥሮ ችሎታ ሳይኖረኝ አይቀርም» እያለ ነው። እግሬ አብጧል።

ሐሙስ። 52 ቀን።

ሰውዬውን ቀይ መብራት ላይ አየሁት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው፣ የጋዝ ሲሊንደሩን በሌላው አንጠልጥሎ በዝናብ በእግሩ ይሄዳል። ተማሪዬ ሞተር አጥፍታ ስለነበር ማምለጥ አልተቻለም። መስኮቱን አንኳኳ።

«ደህና ነሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።» እማዬ አራት ዓመት ሰላምታውን መልሳለት አታውቅም፣ እሱ ግን መጠየቁን አይተውም።

«እስካሁን ሱቅ አልከፈትክም እንዴ?» አልኩት። ለክፋት አልነበረም፣ ወሬ አጥቼ ነው።

«ባንኩ እምቢ ይለኛል። በስምህ ያልጠራ ነገር አለ ይሉኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። የድሮ ስልክ ይሆናል ብዬ ሄጄ ከፈልኩ። አሁንም አልጠራም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ተማሪዬም በተአምር ተነሣች።

ሰነፍ ነው። ሱቅ የፈለገ ሰው ሱቅ ይከፍታል። ዝናቡ ደግሞ ዛሬ ልክ አልነበረውም፤ የግራው የመስታወት መጥረጊያ ተነቅሎ በረረ።

ማክሰኞ። 40 ቀን።

603። አሥራ ሰባት ነጥብ ብቻ! እየዘለልኩ ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ፋይሌን አየችው።

«ከዚህ በላይ አይሄድልዎትም። የቀረው ሶፋው ነው፤ ክርክር ላይ እስካለ ድረስ እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው። የሚይዘው ደግሞ እርስዎን ብቻ አይደለም፣ በትዳር እያላችሁ ስለተገዛ ሁለታችሁንም ነው።»

«ሁለታችንንም?»

«ሁለታችሁንም። ባልና ሚስት ነበራችሁ አይደል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አቤቱታው ከገባበት ቀን ጀምሮ።»

ስመለስ ሙዝ ገዛሁ። ሙዝ ተወዷል።

ረቡዕ። 39 ቀን።

ሙዙ ጥሬ ነው። ቢበስልም የምበላው አይመስለኝም።

ቅዳሜ። 29 ቀን።

አቶ ስድስት መቶ ሃያ ፈተናው አርብ ነው። ዛሬ መሪውን በአንድ እጅ ይዞ እየተዝናና «መኪናውን ገዛሁት እኮ» አለኝ። «ፈተናውን ባለፍኩ ማግስት ልጆቹን ትምህርት ቤት ራሴ ነኝ የማደርሳቸው። ትልቋ ከፊት ካልተቀመጥኩ እያለች ከእናቷ ጋር ተጣልታለች። ትንሿ ደግሞ "አባዬ ፍሬን ያውቃል ወይ?" ብላ ጠየቀች።»

«ምን አልካት?»

«በፍሬንማ ማን ይደርስብኛል አልኳታ!»

እስክንመለስ አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥኩ። አንዱ ለድመት ነው፣ ሌላው ለአሮጊት።

እሑድ። 28 ቀን።

ምንም አልሠራሁም። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬን ሳየው ዋልኩ።

ራሴን ልሸነግል ብሞክር አልሆነም። ፈታኙ ይጥለዋል አልኩ። ግን ፈታኙ የተቀመጠበት ቀን መንገዱ ባዶ ከሆነስ? በዕድል ያለፈ ስንት አውቃለሁ። ቢያልፍ ደግሞ እኔ የለሁም፣ እግሬም የለም፤ ከኋላ ሁለት ልጆች አሉ። ይሄ ሰው ያቆመ የመሰለው ሁሉ እኔ ያቆምኩለት ነው። በገዛ እግሩ አንድ ጋሪ እንኳ አላዳነም። እኔ ነኝ «ጎበዝ» ያልኩት። ለሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ብዬ በሰው ልጆች ሕይወት ልጫወት ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት የኮራሁበት አንድ ነገር ቢኖር «ረገጥኩ!» ማለቴ ነበር። እሱንም በላሁት።

ብድሩ ከቀረ ይቅር። ምስማርም ሚዛን አለው።

ሰኞ። 27 ቀን።

ባዶው ሜዳ ወሰድኩት። ኮኖቹን ደረደርኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩና ሁለቱንም እግሬን ወንበሩ ላይ አጥፌ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። እስከ ኮኖቹ ንዳና አቁም።»

ነዳ። አላቆመም። አራቱን ኮኖች ጨፍልቆ አምስተኛውን ከሥር እየጎተተ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ እዚያ ሞተሩ ራሱ አዝኖልን ጠፋ።

«ፍሬኑ ተበላሽቷል!» አለ፣ ላቡ እየወረደ።

«ፍሬኑ ደህና ነው። እስከዛሬ ስረግጥልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ከጋሪው ጀምሮ።»

ክራባቱን ፈታው፤ አንገት እንዳለው ያየሁት ዛሬ ነው።

«ለምን?»

«ለብድሩ ነዋ። አንተ እንድታጸድቅልኝ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጮኸም። «ልጆቼን ልጭን ነበር እኮ!» አለ፣ ሁለት ጊዜ። ይገባኛል፣ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ብድሩን የማጸድቀው እኔ ነኝ ብሎ ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አይደለህም እንዴ?»

«ስድስት መቶ ሃያ ከሞላ ኮምፒውተሩ ራሱ አረንጓዴ ይላል። ካልሞላ ቀይ። የኔ ሥራ ማተም ነው።»

«ማተም ብቻ?»

ትንሽ አሰበ። «ክሊፕም አደርግበታለሁ።»

አርባ ቀን ለአታሚ ስረግጥ ከርሜያለሁ! ሳቄ መጣ፣ እሱ ግን ገና አልተዘጋጀም ነበርና ዋጥኩት። ፈተናውን እንደሚያራዝምና ከነገ ወዲያ ጀምሮ እግሬን አጥፌ እንደማስተምረው ተስማማን። በነፃ ነው፣ የግድ ነው።

ሊወርድ ሲል በሩን ይዞ ቆመ። «የሶፋውን ውል ፋይልሽ ላይ አይቼዋለሁ» አለ።

«ሶፋው የሰውዬው ነው» አልኩ፣ ምላሴ ለምዶ።

«ፊርማሽ ያምራል» ብሎኝ ሄደ።

ማክሰኞ። 26 ቀን።

መስኮት ሦስት። «አቤቱታ መሰረዣ» የሚል ቅጽ ሰጠችኝ። ምክንያት በሚለው ላይ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ሶፋውን የገዛሁት እኔ ነኝ። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። ስንት እንደሆነ አልነገርኩትም። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየውና "ይሄን ማን ይከፍለዋል?" አለ፣ እኔም አኮረፍኩ። ስንለያይም እንዳኮረፍኩ ነበርኩ...» ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ቀጠልኩ።

ሴትዮዋ በመስኮቱ ቀዳዳ አሻግራ አየችኝ። «እመቤት፣ "ዕዳው የኔ ነው" ማለት ብቻ ይበቃል።»

ጻፍኩት። ሦስት ቃል ነው፤ እጄ ግን ሁለቱን ገጽ ሲሞላ እንዲህ አልደከመም። የቀረውን ዕዳ ለጎማ ባስቀመጥኩት ከፈልኩ። «ከሁለታችሁም ላይ ይነሣል» አለችኝ፣ ማኅተሙን እየመታች።

ረቡዕ። 25 ቀን።

«እማዬ» አልኩ፣ «ሶፋውን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ሹራቧን መሥራቷን ሳታቆም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣበት ቀን። እሱ ይሄን ቀለም ይመርጣል?»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈግሽው ለምንድነው?»

አሁን ሹራቡን አስቀመጠችው። «አንቺ በድሎኛል ብለሽ አገር ስታዳርሺ እኔ እናትየዋ ሰላም ብለው፣ ውሸትሽ አይታወቅብሽም? ስንት ጊዜ እሱን አይቼ መንገድ ተሻግሬያለሁ መሰለሽ! በዚህ ጉልበቴ! አንድ ቀንማ መኪና ሊድጠኝ ነበር።»

አፈርኩ። ከልቤ ነው ያፈርኩት፣ ጆሮዬ እስኪግል። አንድ ሰው መበደሌን አውቄ ነበር፤ ለካ የእናቴንም ጉልበት ጨምሬበታለሁ።

ሰኞ። 13 ቀን።

627። አረንጓዴ!

አቶ ስድስት መቶ ሃያ አተመልኝ፣ ክሊፕም አደረገበት። ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ አንድ ትርፍ ክሊፕ ጨመረልኝ። «ይሄ በኔ ሥልጣን ነው» አለ።

ቅዳሜ ፈተናውን ወድቋል። ሲያቆም አንድ ኮን ነካ። በራሱ ፍሬን በመውደቁ ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። በሚቀጥለው ያልፋል።

ሐሙስ። 3 ቀን።

መኪናዋ መጣች። ስምንት ዓመት ያገለገለች፣ ነጭ፣ ሁለቱም መጥረጊያ ያላት። ፈቃዴ ታደሰ። እህቴ ሽርጡን ለሌላ ሰው አሳጥራዋለች።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ያልሄድኩበት አንድ በር አለ። ትናንት በዚያ ሰፈር ሁለት ጊዜ አልፌ ሁለቱንም ጊዜ ማርሽ ጨመርኩ።

ቅዳሜ። ለአሮጌዋ 1 ቀን፣ ለአዲሷ 362።

ሄድኩ። እማዬም ከኋላ ተቀምጣ መጣች፣ «የራሴ ጉዳይ አለኝ» ብላ።

ሰውዬው የሚሠራው በተከራየው ክፍል በረንዳ ላይ ነው። አንድ ፍሪጅ በጎኑ አስተኝቶ ከኋላው ተንበርክኳል። እማዬን ሲያይ ብሎን መፍቻው ከእጁ ወደቀ። እማዬ አራት ዓመት ያጠራቀመችውን ሰላምታ በአንድ ጊዜ አወረደችበት፦ ጤናውን፣ እናቱን፣ እህቱን፣ የእህቱን ልጆች በየተራ። ተንፍሶ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አልነበረውም።

ሲረጋጋ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፊቱ በርቷል። «ባለፈው ሳምንት ነጥቤ ዘጠና አራት ጨመረ! በአንድ ቀን! ምን እንዳደረግኩ እኔ እንጃ። ባንኩ ራሱ ደወለልኝ፣ ለሱቁ ና ተበደር ብሎ።»

የኔ ሃያ አራት ነበር የጨመረው። የሱ ዘጠና አራት። ያን ሁሉ ይዤበት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጠፋኝ። እንዲያው እንደ መጣልኝ ነገርኩት፤ አቤቱታውን፣ «የባለቤቴ ነው» ማለቴን፣ ስሙ የተያዘበትን ቀን። ሲሰማ የታሰረ ብሎን ፈትቶ መልሶ አሰረው። እንደገና ፈታው።

«የስልክ ዕዳ ከፈልኩ እኮ» አለ በመጨረሻ። «የኔ ያልሆነ ስልክ። ሁለት ጊዜ። የሆነ ቦታ ያጠፋሁ መስሎኝ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም።

«ለአራት ዓመት አንድ ይቅርታ?»

«ስንት ልበል?»

ሲሊንደሩን አየው፣ አዲሷን መኪና አየ። «በአንድ ጊዜ አልቀበልሽም» አለ። «በወር በወር ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔንና ሲሊንደሩን ጭነሽ ደንበኞቼ ጋ ታዞሪያለሽ። አርባ ስምንት ወር።»

«ሠላሳ ስድስት።»

«አርባ ስምንት።»

«ነዳጁ በኔ ነው፣ አርባ አድርገው!»

«አርባ ሁለት። ያረፈድሽ ቀን አንድ ወር ይጨመራል።»

ከፍሪጁ ካርቶን ላይ ቀዶ ጻፈው። አነበብኩ፣ ፈረምኩ። ምስክር ያስፈልጋል አለ። እማዬ መነጽሯን አጥልቃ ሁለት ጊዜ አነበበችውና እስክርቢቶውን ተቀበለች።

«በማን በኩል ነው የምፈርመው?» አለች።

«በፈለጉት በኩል» አላት።

በሱ በኩል ፈረመች።